የዐሥራ ሰባት ቁጥር ሰሃን

«ዐሥራ ሰባት ዛሬም አልመጣም» አለች ዋና ምግብ አብሳይዋ፣ ጭልፋዋን ከድስቱ አፍ ላይ እያሳረፈች።

ልጇ ከጎኗ ቆማለች። ከመደርደሪያው ላይ ብቻውን የቀረውን ሰሃን አየችው። ክዳኑ እንደተደፋ ነው፤ ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥርም አልተነካም። ከሥሩ የተቀቀለ ባቄላ፣ ጎመን፣ በእንፋሎት የበሰለ ዓሣና ከእፍኝ የማትሞላ ሩዝ አለች። ሦስት ወር ሙሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይህ ሰሃን ይዘጋጃል፤ ሦስት ወር ሙሉ ሳይከፈት ይውልና ማምሻውን ለበር ጥበቃው ይሰጣል። የበር ጥበቃው በሌላ ሰው ቁጥር ስድስት ኪሎ ቀንሷል።

«ሰውየው አገር ለቆ ይሆን?» አለች እናትየዋ። «ማን እንደሆነ ንገሪኝና ጆሮውን ይዤ ላምጣው።»

«አልነግርሽም እማዬ።»

«እናትሽ እኮ ነኝ።»

«ለዚህ ለዚህ እናቴም አይደለሽም።»

እናትየዋ የተቀየመች መስላ ፊቷን ወደ ድስቷ አዞረች፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፈገግታዋን ልትደብቅ ነው። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እያለች ያሳደገቻት እሷው ራሷ ነች።

ልጅቷ ያደገችው በዚህ የጠርሙስ ፋብሪካ ክበብ ውስጥ፣ ምግብ ከሚታደልበት መስኮት ሥር፣ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነው። ሄደች፣ ሥነ ምግብ ተማረች፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ የፋብሪካው የምግብ ባለሙያ ሆና ተመለሰች። ሠራተኛው ሁሉ ሚዛን ላይ ስላወጣችው «ሚዛን» ብሎ ስም አወጣላት። የመጀመሪያ ጠቧ ከገዛ እናቷ ጋር ነበር፤ ጨውና ዘይት ቀንሺ ብትላት «ሃያ ስምንት ዓመት በዚህ እጄ አብልቻለሁ፣ ማን ምን ሆነ?» ብላ አፈጠጠችባት። ከዚያ ግን ጡረታ ከወጡት ውስጥ ስንቶቹ በምርኩዝ እንደሚሄዱ፣ ስንቶቹ በየቀኑ መድኃኒት እንደሚውጡ እናትየዋ ራሷ አንድ ሁለት ብላ ቆጠረች። በማግስቱ የዘይቱን ጀሪካን ራሷ ተሸክማ ወደ ጓዳ መለሰችው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጠርሙስ ማቅለጫው ምድጃ ክፍልና የቢሮው ሰው ባንድ ላይ ሰማንያ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ተመዘነ፤ ከጤና ጣቢያ የመጣች ነርስም የያንዳንዱን ጣት ወግታ ስኳሩን ለካች። ከዚያ ለያንዳንዱ ቁጥር ብቻ የተጻፈባት ካርድ ተሰጠው። ምሳ ሰዓት ላይ ካርዱን በፊቱ ደፍቶ መስኮቱ ላይ ያኖራል፤ እናትየዋ ገልብጣ ታይና የቁጥሩን ሰሃን ትሰጠዋለች። ክዳኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ የማን ምሳ ጨው እንደሌለው፣ የማን ሩዝ እንዳነሰ ጎረቤቱ አያውቅም። ቁጥርን ከስም ጋር የሚያገናኘው ደብተር ያለው ልጅቷ ዘንድ ብቻ ነው፤ ለማንም እንደማታሳየው በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ቃል ገብታለች።

ለእናቷ ያልነገረችውን እኛ ለአንባቢ እንንገር። ዐሥራ ሰባት ቁጥር የፋብሪካው ባለቤት ነበሩ። ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው እኒያ ግርማ ያላቸው ሽማግሌ በዚያ ቀን ለሠራተኛው አርአያ ይሁን ብለው ከነጫማቸው ሚዛን ላይ ወጡ፤ ጣታቸውንም ሰጡ። ካርዷን ሳያዩ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከትተው ሄዱ። የስኳራቸው ልክ ሲመጣ ልጅቷ ነርሷን ሁለት ጊዜ አስደግማ ጠየቀቻት።

ሦስት ደብዳቤ በታሸገ ፖስታ ጻፈችላቸው። መልስ የለም። ቀጠሮ ብትጠይቅ ጸሐፊያቸው ዓይኗን ከወረቀቷ ሳታነሳ «ጊዜ የላቸውም» አለቻት። ልጅቷም በየቀኑ ሰሃኑን ታስቀምጣለች፤ በየቀኑም ሳይከፈት ይመለሳል።

ጭንቀቷ በአንድ ነገር ብቻ ቢሆን ምንኛ ደግ ነበር።

የምድጃው ክፍል ኃላፊ፣ «ኢንጂነሩ» የሚሉት፣ የጋሼ አንድያ ልጅ ነው። ልጅቷ ሰኞ ሰኞ ለሁሉም የሳምንቱን የምግብ ምክር በቁራጭ ወረቀት ትበትናለች። ከሰማንያው ውስጥ ጀርባው ላይ መልስ ጽፎ የመለሰው እሱ ብቻ ነበር፤ «ሻይ ያለ ስኳር ጠጣሁ። ያደረግሽኝን ፈጣሪ ይይልሽ» ይላል። በሚቀጥለው ሰኞ «ሁለተኛው ይቀልሃል፣ ሦስተኛው ይጣፍጥሃል» ብላ መለሰችለት። እንዲህ እንዲህ እያለ በዐሥረኛው ሳምንት ወረቀቱ ላይ ስለ ስኳር የሚያወራ ሰው ጠፋ። ጋሼ ነገሩን ሲሰሙ ልጃቸውን ጠርተው «የምግብ አብሳይዋ ልጅ ከክበቡ መስኮት ወዲህ እንዳትሻገር» አሉት። እሱም ይህን አልደበቃትም። «እኔ ግን እሻገራለሁ» አላት፤ እሷም አመነችው።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ተጠራች።

ሰኞ ዕለት አንድ የምድጃ ሠራተኛ ሥራው ላይ ተዝለፍልፎ ወድቆ ነበር። ጓደኞቹ ጎትተው ከእሳቱ አፍ አወጡት። የማለዳ ፈረቃ ገቢ ነው፤ ከዋዜማው ምሳ ወዲህ እህል አልቀመሰም። ልጅቷ የማለዳ ገቢዎች ቁርስ በልተው ሥራ እንዲጀምሩ የሚጠይቅ ማመልከቻ ጽፋ ስለነበር የተጠራችው ለዚያ መስሏት ፈጥና ሄደች።

ጋሼ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል። በስተቀኛቸው የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ፣ በስተግራቸው ኢንጂነሩ። ፊት ለፊታቸው አንድ ማንቆርቆሪያ ውኃ አለ። እሷ ገብታ እስክትቀመጥ ሁለት ብርጭቆ ጠጡ።

«ቁጥር ዐሥራ ሰባት» አሉ ወርኃዊ ሪፖርቷን በጣታቸው እየመቱ። «‹የደም ስኳሩ እጅግ ከፍ ያለ፣ አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው› ብለሽ ጽፈሻል። ሰኞ የወደቀው እሱ ነው?»

«አይደለም ጋሼ።»

«እንግዲያው ነገ የሚወድቀው እሱ ነው። ሰው ምድጃዬ ውስጥ ወድቆ ከሚሞትብኝ ሥራውን ቢያጣ ይሻለዋል። ነገ ከምሳ በፊት ደብተሩን ታመጫለሽ። ዐሥራ ሰባትም፣ በቀይ ያሰመርሽባቸው ሌሎቹም ይሰናበታሉ። ደብተሩ ካልመጣ የምትሰናበቺው አንቺ ነሽ።» ሦስተኛውን ብርጭቆ አነሡ።

ልጅቷ ከንፈራቸው መድረቁን፣ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ መስፋቱን አየች።

«ጋሼ፣ ሁለት ደቂቃ ለብቻዎ ላነጋግርዎ?»

«ስለ ልጄ ከሆነ እዚሁ ተናገሪ። ሦስት ደብዳቤ ልከሻል። አንዱንም አልከፈትኩም፤ አልከፍትምም። እንዲህ ያለ ነገር በልመና አይሆንም።»

የኢንጂነሩ ጆሮ ሲቀላ አየች። ደብዳቤዎቹ ለምን ሳይከፈቱ እንደቀሩ ያን ጊዜ ገባት። እኒህ ትልቅ ሰው የራሳቸውን ሕይወት ወሬ የአንዲት ልጅ የፍቅር ልመና መስሏቸው መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበታል።

«ዐሥራ ሰባት እርስዎ ነዎት።» አራት ቃል ነው። ብትላቸው ሥራዋም፣ ሠራተኛውም፣ ምናልባት ፍቅሯም ይተርፋል። ግን አስተዳዳሪው ተቀምጧል፤ ልጃቸው ተቀምጧል። የመጀመሪያው ቀን ለሰማንያው ሰው የገባችው ቃል «ከጋሼ በቀር» የሚል አልነበረበትም።

«ደብተሩ አይመጣም» አለች። ድምፅዋ እንዳሰበችው አልተሰበረም። «የሰው ልኬት የሰውየው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች አልደበቁኝም። ጋሼ፣ ዛሬ አንዱን ቢያባርሩት ነገ ሰባ ዘጠኙ ይደብቁኛል። የዚያን ጊዜ ነው ምድጃው ውስጥ ሰው የሚወድቅብዎ።»

ተነሥታ ወጣች። ደረጃውን ቀና ብላ ወረደች፤ ራሷንም ወደደች።

ኢንጂነሩ ከምድጃው አዳራሽ በላይ ባለው የብረት መተላለፊያ ላይ ደረሰባት። ከታቻቸው የጋሉ ጠርሙሶች ተሰልፈው ያልፋሉ። ሠራተኞቹ ቀና ብለው አይተዋቸው ቶሎ ዓይናቸውን መለሱ።

«ለአባቴ ደብዳቤ ጻፍሽለት?»

«ጻፍኩ።»

«ሦስት ጊዜ? እኔ ቀና ብዬ ልናገረው ቀን ስመርጥ አንቺ ከኋላዬ ሄደሽ ለመንሽው?»

«አልለመንኩም።»

«ታዲያ ምን አልሽው?»

ዓይኗን ወደ ጠርሙሶቹ ስትመልስ እሱ የባሰ ነደደ። አባቱን እንደሚመስል ያወቀችው ገና ያን ጊዜ ነው።

«እሺ ይሄ ዐሥራ ሰባት ማነው? አንድ ስም ብትሰጪው አባቴ ይበርዳል፤ እኔም ሰውየውን ሌላ ክፍል አስገባዋለሁ። ለማን ብለሽ ነው ሁላችንንም የምትጥዪን?»

«ለአንድ ሰው።»

«ወንድ ነው?»

«ወንድ ነው።»

«ከእኔ ይበልጥብሻል?»

ምን ትበል? «ይበልጥብኛል» ብትል ውሸት ነው፤ «አይበልጥም» ብትልም ጥያቄው ከነጭራሹ ተሳስቷል። «አንተ ብትሆንም ይህንኑ አደርግልህ ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «እንዲያውም አንተ ብትሆን ማንም አያውቅም ነበር። እናቴ እንኳ።»

ከደረት ኪሱ አንድ እሽግ ቁራጭ ወረቀት አወጣ። «ሁለተኛው ይቀልሃል» ካለው ጀምሮ የጻፈችለት ሁሉ ተጣጥፎ በላስቲክ ታስሯል። መዳፏ ላይ አኖረላትና ሄደ። ወረቀቱ የደረቱን ሙቀት እንደያዘ ነበር፤ እሷን የጎዳትም ይኸው ሙቀቱ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት ትንሿ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ሌላ ደብዳቤ ጻፈች። የጻፈችው ከሦስቱ የተለየ አይደለም። ልኩን ነገረቻቸው፤ ጥማቱና ክሳቱ ከዚሁ እንደሚመጣ፣ ይህ በምሳ ብቻ የሚመለስ ስላልሆነ ዛሬ ነገ ሳይሉ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ፣ ቢታከሙና አመጋገባቸውን ቢያስተካክሉ ብዙ ዘመን በጤና እንደሚኖሩ ነገረቻቸው። ከታች «ይህን ከእኔና ከነርሷ በቀር ማንም አያውቅም» ብላ ፈረመች። ልዩነቱ ፖስታው ላይ ነበር። በትልልቁ እንዲህ ጻፈችበት፦

«ስለ ልጅዎ አይደለም። ስለ እርስዎ ነው።»

ራሷ ወስዳ ለጸሐፊያቸው ሰጠቻት። ጸሐፊዋ የፖስታውን ጽሑፍ አነበበች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ዓይኗን ከወረቀቷ አነሣች።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ዕቃዋን ሰበሰበች። ወገብ መለኪያ ሜትሯን ጠቀለለች፤ ጋዋኗን አጣጠፈች። ደብተሩ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ አብሯት ይወጣል። ጋሼ ከጠዋት ጀምሮ ቢሮ አልገቡም። መልስም አልላኩም። ኢንጂነሩም ወደ ክበቡ ዝር አላለም።

እናቷ ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«ልታለቅሺ ነው?»

«አላለቅስም።»

«ጎበዝ። ካስፈለገሽ ግን ሽንኩርቱ እዚህ አለ፤ ሰበብ አይጠፋም።» ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ስሚኝ። ሰዎቹ ትናንት ምን እንዳልሻቸው ሰምተዋል፤ የቢሮ ግድግዳ ጆሮ አለው። ዛሬ ጠዋት ምድጃ ቤቱ ሁሉ እያለፈ እጄን ሲጨብጠኝ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ስሠራ ሰው ሰሃኑን እንጂ እጄን አልጨበጠኝም። ከሥራ ብትወጪም ቀና ብለሽ ነው የምትወጪው።»

«ምሳውን አድለን እሄዳለሁ» አለች ልጅቷ፤ ጋዋኗን መልሳ እየለበሰች።

ሰልፉ እንደ ወትሮው ጀመረ። ካርድ ይደፋል፣ ይገለበጣል፣ ሰሃን ይወጣል። «ሆድና ግንባር አይሸሸግም ሲሉ፣ ሚዛን ሸሸገችልን» ብሎ አንዱ የምድጃ ሠራተኛ ሆዱን እየመታ አሳቃቸው። ኢንጂነሩ መጣ፤ ሰልፉ መሐል ገብቶ ወለል ወለሉን እያየ ቆመ።

ከዚያ ሳቁ ከበሩ በኩል እየጠፋ፣ እየጠፋ መጣ።

ጋሼ ገብተዋል። ከፋብሪካው መከፈት ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ እዚህ ክበብ ውስጥ ታይተው አያውቁም። ከክምሩ ላይ ትሪ አነሡና ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆሙ። ፊት ያሉት ሊያሳልፏቸው ገለል ገለል ሲሉ «ቦታችሁን ያዙ» አሉ። አንድ እርምጃ፣ ቆም። ሌላ እርምጃ፣ ቆም። ሩብ ሰዓት ፈጀ። ልጅቷ ከእናቷ ጎን ቆማ ከመደርደሪያው ላይ ብቻውን የቀረውን ሰሃን ላለማየት ትታገላለች።

መስኮቱ ጋ ደረሱ። ከኮታቸው ኪስ አንዲት የተሸበሸበች ካርድ አውጥተው እንደ ደንቡ በፊቷ ደፏት።

እናትየዋ በጣቷ ገልብጣ አየቻት። ቀና ብላ ሰውየውን አየች። ልጇን አየች። ያን ሁሉ ቀን ሰሃኑ እየተመለሰ ያናደዳት ሰው ማን እንደሆነ፣ ልጇም ምን ይዛ እንደኖረች ባንድ ጊዜ ገባት። ዞር ብላ ሰሃኑን በሁለት እጇ አነሣችና ትሪያቸው ላይ አኖረችው።

«ዘግይተዋል» አለቻቸው በለሆሳስ። «ግን ትኩስ ነው።»

ጋሼ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ጠዋት ሐኪም ቤት ነበርኩ። ሐኪሙ ‹ማን ላከዎት?› አለኝ። ‹የምግብ አብሳያችን ልጅ› አልኩት። ‹ሕይወትዎን ያተረፈችው እሷ ናት፤ ያመስግኗት› አለኝ።» ትሪውን መስኮቱ ላይ አሳረፉት። «አራቱንም ደብዳቤ ትናንት አነበብኳቸው። ሦስት ወር ሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ ነበርሽ። ትናንትም ፊቴ ቁጭ ብለሽ በአንድ ቃል ልታዋርጂኝ ስትችዪ ክብሬን ጠበቅሽልኝ። ደብተሩ አንቺ ዘንድ ይኑር። የሚባረር ሰው የለም። የማለዳ ገቢም ከሰኞ ጀምሮ ቁርሱን እዚህ ይበላል።»

ከዚያ ካርዷን አነሡ። ሰው ሁሉ ደፍቶ የሚይዛትን ካርድ ገልብጠው፣ ሰሃኑን ተቀብሎ ከመስኮቱ ገለል ብሎ ለቆመው ልጃቸው ዘረጉለት። «የሌላውን አላሳይም፤ የራሴን ግን የማሳየው እኔ ነኝ። አንብብ።»

ኢንጂነሩ አነበበ። ዐሥራ ሰባት። «ለአንድ ሰው» ያለችው፣ «ወንድ ነው» ያለችው፣ የቀናበት ሰው አባቱ ነበር። ቀና ብሎ አያት። ያን ዓይን ባለፉት ወራት ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ እንዲህ ሆኖ ግን አይታው አታውቅም። ኀፍረት ነበረበት፤ ከኀፍረቱ በላይ ግን «ይቺ ናት የኔ» የሚል ኩራት ነበረበት። ትሪውን እንደያዘ ወደ መስኮቱ ቀረበ።

«ወረቀቶቼን መልሽልኝ» አላት።

«የትኞቹን?»

«ሁሉንም። ከስኳሩ ጀምሮ። ትናንት የተናገርኩትን ግን አንቺው ጋ አስቀሪልኝ፤ መልሼ መስማት አልችልም።»

እሽጉ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ነበር። እጇ ወደዚያው ሄደች፤ ደግሞ ቆመች። የኮራች ሴት ቶሎ አትሰጥም።

«በደንብ አላመንከኝም።»

«አላመንኩሽም። እኔ አንድ ቀን አልታገሥኩም፤ አንቺ ሦስት ወር ችለሻል።»

«እንግዲህ ወደ ኋላ ሂድና ተሰለፍ» አለችው። «ተራህ ሲደርስ እናያለን።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጠረጴዛ የሚደበድበው፣ የሚያፏጨው አንድ ላይ ሆነ። የፋብሪካው ወራሽ ትሪውን ይዞ ማንም ወደሌለበት ሰልፍ መጨረሻ ሄዶ ብቻውን ቆመ፤ ከዚያ በላይ ደስ ብሎት የተሰለፈ ሰው በዚያ ክበብ ታይቶ አያውቅም።

ጋሼ ከምድጃ ሠራተኞቹ ጋር ተቀምጠው በሉ። ባቄላውን ጨረሱ፣ ዓሣውን ጨረሱ፣ ጎመኑን ትንሽ ተጠራጠሩና ጨረሱ። ሲያበቁ ሰሃኑን ራሳቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ተመለሱ።

«እትዬ» አሏት። እስከዚያ ቀን «አንቺ» ብቻ ነበር የሚሏት። «ልጄን እዚህ መስኮት ድረስ ብቻ ብዬው ነበር። ተሳስቻለሁ። አንድ እሑድ ከእሱ ጋር ቤትዎ ብንመጣ በር ይከፍቱልናል?»

እናትየዋ ሰሃኑን ተቀብላ ዘንበል አድርጋ አየችው። ፍሬ ሩዝ እንኳ አልቀረበትም።

«አምስት ቀን እንዲህ ባዶውን ይመልሱልኝ» አለች፣ ወገቧን ይዛ። «ከዚያ ስለ እሑድ እናወራለን።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው እጅ ነሧትና ወጡ። እናትየዋ ሰሃኑን ከሌሎቹ ጋር አልደባለቀችውም። ለብቻው አጠበችው፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀችው፣ መደርደሪያው ላይ ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

«ዐሥራ ሰባት ዛሬ መጣ» አለች።

ልጅቷም አለቀሰች። ሽንኩርት አላስፈለጋትም።